ለእረፍት የመጣችው ልጅ

አትክልት ሻጯ እናት ልጇ ከሰው አገር በተመለሰች ዕለት እልል ማለት አማራት፤ ዓይኗ ግን ልጅቷ እጅ ላይ አረፈ። ልጅቷ የያዘችው አንዲት ትንሽ ሻንጣ ነበር፤ እሷም ግማሿ ባዶ። የአሠሪዎቿን መስኮት ስትወለውል ከመሰላል ወድቃ ወገቧ ተጎድቶ ነበር። እነሱም እስክትድን አልጠበቁም፣ ቲኬት ቆርጠው ሸኟት። እናት ይህን ስትሰማ አለቀሰች። ዕንባዋን ጠርጋ ሳትጨርስ ግን ጎረቤት ምን ይለኛል የሚል ሐሳብ ሽው አለባት።

በማግስቱ ቲማቲሟንና ሽንኩርቷን እየደረደረች፣ ለጠየቃት ሁሉ ልጇ ለእረፍት እንደመጣችና ትንሽ ተጫውታ እንደምትመለስ ተናገረች። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል፤ የእሷ ግን እያደር ከበደ። ለእረፍት የመጣ ሰው ሥራ አይጠይቅም፣ አመመኝም አይልም። ልጅቷ ያላትን አንድ ደህና ቀሚስ ለብሳ እየሳቀች እንግዳ ትቀበላለች፤ ሰው ሲወጣላት ግድግዳ ይዛ ወደ አልጋዋ ትሄዳለች። ሐኪም ቤት ልሂድ ብትልም እናት ሰልፍ ላይ እንድትታይ አልፈለገችም። ወገቧን በቅባት እያሸች ዝም አሰኘቻት።

አንድ ቀን ጎረቤታቸው ልብስ ሰፊዋ መጣች። የተማሪ ዩኒፎርም ስፌት በዝቶባት ስለነበር ልጅቷ ቁልፍ በመትከል ታግዛት እንደሆነ ጠየቀች። እናት ሳቅ ብላ፣ ልትመለስ የተሰናዳች ልጅ ምን ስትል ቁልፍ ስትተክል ትውላለች ብላ መለሰቻት። ልጅቷ ከመጋረጃው ጀርባ ሰማች፤ ሰፊዋ እንደወጣችም ብቅ አለች።

«እማዬ፣ ሥራው እኮ ተቀምጠው የሚሠሩት ነው። እችለው ነበር።»

«ያን ሁሉ ዓመት ለፍታ የጎረቤት ተላላኪ ሆና ቀረች እንዲሉሽ ነው?»

«የምመለስበት እኮ የለኝም።»

እናት ዘንቢሏን አንስታ ወጣች።

ከዚያ ወዲህ መቼ ነው የምትሄጂው የማይል ጠፋ። ልጅቷም ጥያቄው ሲሰለቻት በየብስ ድንበር የሚያሻግር ደላላ ፈልጋ አገኘች። እናት መንገዱ ምን ዓይነት እንደሆነ ታውቃለች፤ ስንቱን ውጦ እንዳስቀረ ሰምታለች። አትሂጂ የሚለው ቃል ምላሷ ጫፍ ላይ እየደረሰ ይመለሳል።

የመሸኛው ቀን ጎረቤቱ ቤቱን ሞላው። ሁሉም በሰላም ያግባሽ እያለ ሳማት። ልጅቷ ሻንጣውን ስታነሳ ወገቧን ያዝ አደረገችና ፈገግ ብላ ወጣች።

መናኸሪያ የሚያደርሳት ታክሲ ከዓይን ሲጠፋ እናት ደጃፉ ላይ ቁጭ አለች።

«ለእረፍት አልነበረም የመጣችው» አለች። «ታማ ነው የመጣችው። እኔ ነኝ ያባረርኳት።»

ማንም አልደነገጠም። ሰፊዋ አንገቷን ደፋች።

«እናውቅ ነበር እኮ እትዬ። አረማመዷን እያየን? ሥራውንም ያመጣሁት ለዚሁ ነበር። አንቺን ላለማሳፈር ብዬ ነው ዝም ያልኩት።»

ሁለቱ ሴቶች ተያይዘው ወደ መናኸሪያ ሮጡ። በየመኪናው መስኮት እያንጋጠጡ ተጣሩ፤ ወደ ድንበር የሚሄደው መኪና ግን ወጥቷል።

ወገኖቼ፣ እዚያ ቤት ውስጥ ክፉ ሰው አልነበረም። እናት ልጇን ትወዳለች፤ ጎረቤቱም ጎረቤቱን አክባሪ ነው። ልጅቷን የሸኛት ይሉኝታችን ነው። ከስደት የተመለሰ ሰው ደጃችሁ ሲደርስ ሻንጣውን ሳይሆን ፊቱን እዩት። የታመመውን አሳክሙት፤ ትንሽም ብትሆን ሥራ ካላችሁ አትንፈጉት። ተጎድቶ መመለሱን ካወቃችሁም እያወቃችሁ ዝም አትበሉ፤ እንኳን መጣህ፣ ቤትህ ነው በሉት።

አትክልት ሻጯ ዛሬ ስለ ልጇ ለሚጠይቃት ሁሉ እውነቱን ትናገራለች። እያለቀሰች ቤትሽ ነው፣ ተመለሺ ትላለች። ገበያተኛው ሁሉ ይህን ሰምቷል፤ ከሄደች ወዲህ ወሬዋ የጠፋው ልጇ ግን አልሰማችም።