ሠላሳ አንድ ስም የተጠለፈበት ነጭ ጨርቅ

በዚያ ማለዳ አሶሳ ያለው የሟቹ የወርቅ አንጥረኛ የሃጎፕ ቤት ሙሽራ የሚጠብቅ ይመስል ነበር። «ሙስሊም አገባህ» ብላ ወንድሟን ሃጎፕን አርባ ዓመት ያኮረፈችው ሲራኑሽ፣ በሰማንያ አራት ዓመቷ፣ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን እየመጣች ነው! የሃጎፕ ልጅ ሔለን ከደስታዋ ብዛት ግቢውን ሦስት ጊዜ ጠረገች። አክስቷ ከአየር ማረፊያ ደውላ የለመነቻት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የሲራኑሽና የሃጎፕ እናት በልጅነቷ ከአርመኖች እልቂት ተርፋ ያለቁባትን የሠላሳ አንድ ዘመዶቿን ስም በነጭ ክር የጠለፈችበትን ነጭ ጨርቅ። ሌላ መዝገብ የላቸውም፤ መቃብርም የላቸውም።

ሔለን የአባቷን ሳጥን ከፈተች። ባዶ ነው።

«እማዬ፣ ጨርቁስ?»

እናቷ ዓዲላ ደነገጠች። «የሟች ልብስ ሰደቃ ነው ልጄ። ሁሉንም ለኢቲዳል ሰጠሁ። አንሶላ ነው ብዬ።»

በማን ይፈረዳል? ሃጎፕ ጨርቁን ለሚስቱ አንድ ቀን እንኳ ገልጦ አላሳያትም! ቅርስ ማለት ሐውልትና ቤተ መንግሥት ብቻ የሚመስላቸው ምሁራን ይህን ይስሙ፦ የአንድ ሕዝብ ታሪክ በአንድ ሳጥን ውስጥ ያድራል፤ የሚያጠፋውም ጠላት ብቻ አይደለም፤ የባለቤቱ ዝምታም ነው።

ሔለን በባጃጅ በረረች። ማንጎ ሻጯ ኢቲዳል ጥያቄውን ሰምታ አንገቷን ደፋች።

«ጨርቁ አፈር ውስጥ ነው» አለች። «ልጄ ሙንታሲር ሲሞት ከፈን መግዣ አልነበረኝም። በእሱ ከፈንኩት።»

ሔለን ቁጣዋን ትታ ባጃጁ ላይ አሳፈረቻት። ይዛት ተመለሰች። ሲራኑሽ ደርሳ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ሁሉንም ሰማች። ወደ ኢቲዳል ዞረች።

«ልጅሽ ስንት ዓመቱ ነበር?»

«ሦስት ወር።»

«የእናቴ ታናሽ ወንድም ቫሃንም ሦስት ወሩ ነበር። በስደቱ መንገድ ላይ ያለ ከፈን ጥለውት ሄዱ። በጨርቁ ላይ የመጀመሪያው ስም የእሱ ነው።» እንባዋ ወረደ። «እንግዲህ ለብሷል።»

ዓዲላ ለሲራኑሽ ወንበር ሰጠቻት። «አርባ ዓመት ቆይተሽ ለአንሶላ መጣሽ?» አለቻት።

ሲራኑሽ እያለቀሰች ሳቀች። «ይቅር በይኝ፣ ዓዲላ። ሞኝ ነበርኩ።»

ዓዲላ አዲስ ነጭ ነጠላዋን አወጣች። «ቀይ ክር አምጪ፣ ሔለን። በነጭ ስለተደበቀ ነው ያላየሁት።»

ሲራኑሽ ስሞቹን በቃሏ ጠራች፣ ሔለን በአማርኛ ፊደል ጻፈች፣ ዓዲላ ጠለፈች። ሃያ ሰባቱ መጡ። አራቱ ግን… ሲራኑሽ ግንባሯን እየመታች ብትለምናቸውም አልመጡም! ባዶ ቦታ ተዉላቸው። ከዚያ ሃጎፕ ተጻፈ። በመጨረሻም ሙንታሲር፤ ኢቲዳል ጣቷን በስሙ ላይ አስኬደች።

አራቱ ዳግመኛ ላይጠሩ ሞተዋል። ዕጣ ምንኛ ጨካኝ ነው! ደግሞስ ምንኛ ሩኅሩኅ! ከፈን ያልነበረውን ሕፃን ሙንታሲርን ከሠላሳ አንድ ስሞች ጋር አስተኛው።