የእማማ ዘይነባ ማራገቢያ

እኔ እንዲህ ያለ ነገር አላምንም፣ ሰው "አየሁ፣ ሰማሁ" ሲለኝ "ሂድና እንቅልፍህን ጨርስ" የምል ሰው ነኝ፣ ይሄንንም የማወራላችሁ አሁንም አላምንም እያልኩ ነው፣ እመኑኝ።

እሁድ ከሰዓት ነው፣ ፀሐይዋ ፍንትው ብላለች፣ ቂሊንጦ ካለው ፋብሪካ እረፍት ወጥቼ ገላን ኮንዶሚኒየም ቤታችን ተዘርሬያለሁ። ታናሽ እህቴ ሜሮን በማግስቱ ጠዋት የመመረቂያ ጽሑፏን ታቀርባለች፣ ፍላሿን ቫይረስ ስለበላባት ጽሑፉ ያለው ላፕቶፗ ውስጥ ብቻ ነው። ጓደኛዋ ጋ ስትሄድ በሩ ላይ ዞር አለችና፣

"የላፕቶፑ ማቀዝቀዣ ፋን ሞቷል፣ የሳሪሱ ጠጋኝ ማክሰኞ ነው የሚቀይረው። ጌም ከከፈትክበት ወንድሜ አይደለህም!" አለችኝ።

"እናቴን!" ብዬ ማልኩላት፣ ደረጃውን ወርዳ ሳትጨርስ የመኪና እሽቅድምድሙን ከፈትኩት። ብልሃቱን አውቃለሁ ብዬ ነዋ፣ አየር እንዲያገኝ ከሥሩ አራት ቆርኪ አስቀመጥኩለት፣ ሰፈራችን ሁሉ እንደዚህ ነው የሚጫወተው።

ሰባተኛው ዙር ላይ፣ አንደኛ ሆኜ እየመራሁ፣ መዳፌን አቃጠለኝ። የፕላስቲክ ሽታ መጣ፣ ስክሪኑ ደርቆ ቀረ፣ ማጥፊያውን ብጫነው እምቢ አለ። ደነገጥኩ፣ የልጅቷ የአራት ዓመት ልፋት ዓይኔ እያየ ሊጠበስ ነው!

ያኔ ነው የሰማሁት። ሸፍ... ሸፍ... ሸፍ። ከሰል ሲራገብ ታውቁት የለ፣ ልክ እሱን። መስኮቱ ዝግ ነው፣ መጋረጃው ንቅንቅ አላለም፣ ግን ሸፍ ባለ ቁጥር እጄ ላይ ቀዝቃዛ አየር ይመጣል፣ ሶፍቱም ጠረጴዛው ላይ ብድግ ይላል። ደግሞ፣ በሳቅ እንዳትሞቱ፣ የተጠበሰ በቆሎ ሸተተኝ።

እማማ ዘይነባ ፊት ለፊታችን ይኖሩ የነበሩ የወሎ ሴት ናቸው፣ ኮንዶሚኒየሙ በር ላይ በቆሎ ይጠብሱ ነበር፣ አምና ደሴ ልጃቸው ጋ ሲሄዱ የስንደዶ ማራገቢያቸውን ትተውልኝ ኩሽና ምስማር ላይ ሰቅዬዋለሁ። ሄጄ አየሁት። ምስማሩ ላይ ነው፣ ግን ወዲያ ወዲህ ይላል፣ እጀታውን ብይዘው ሰው ይዞት እንደቆየ ሞቋል።

ስመለስ ላፕቶፑ በርዷል፣ ጽሑፉም ደህና ነው። ከደስታዬ ብዛት እየሳቅኩ ደሴ ደወልኩ።

"እማማ፣ ደህና ነዎት?"

"አልሐምዱሊላህ ልጄ፣ ይቺ ቀኝ እጄ ብቻ ዛለችብኝ። ቀን ጋደም ብዬ በሕልሜ ከሰል ሳራግብ ዋልሁ፣ የፈረደበት፣ ባራገብሁት ቁጥር ይበርዳል እንጂ አይያያዝም!"

እኔ ገና ምንም አልነገርኳቸውም ነበር።

ሜሮን በጥሩ ውጤት አለፈች፣ ማክሰኞም አዲስ ፋን ተገጠመ፣ እኔ ጌሙን አጠፋሁት፣ ፈርቼ እንዳይመስላችሁ፣ ትልቅ ሰው ማድከም ነውር ነው ብዬ ነው። ትናንት ግን ምሳዬን እየበላሁ፣ ሜሮንም ላፕቶፗም ቤት በሌሉበት፣ ከኩሽና ሸፍ... ሸፍ... አለ። ተነስቼ ምድጃውን ዳሰስኩ፣ ሶኬቱን ዳሰስኩ፣ ስልኬንም ዳሰስኩ። ሁሉም ቀዝቃዛ ነው። እማማ ምን እያበረዱልኝ እንደሆነ እስካሁን አላገኘሁትም።