ዓመቱ ስምንት ቀን ሲቀረው

«እሺ የመብራት ሚኒስትር፣ ዘንድሮስ ስንት ዘረፍካቸው?» አለ አጎቷ ሪንደርት፣ የኬኩን ሳህን ጉልበቱ ላይ እንዳስቀመጠ።

ኒንከ በረጅሙ ተነፈሰች። ተጀመረ።

የእናቷ ልደት ነው። ቤት ውስጥ ያለው ወንበር በሙሉ፣ ከጎረቤት የተዋሱት ጭምር፣ የሳሎኑን ግድግዳ ተከትሎ ክብ ሠርቷል። ዘመድና ጎረቤት እየገባ እያንዳንዱን ሰው፣ ገና ሦስት ዓመት ያልሞላውን የአክስቷን ልጅ እንኳ ሳይዘል፣ «እንኳን ደስ ያለህ» እያለ ጨብጧል። አሁን ሁሉም ተቀምጧል። ከዚህ በኋላ የሚነሳ የለም። ለአንድ ሰው አንድ ቁራጭ ኬክ ይደርሰዋል፤ ሁለተኛ የሚጠይቅ ካለ ለዓመት ይወራበታል። ወሬውም ያው የታወቀው ነው። ማን ከየትኛው ድርጅት መብራትና ጋዝ ይገዛል፣ ማን ድርጅት ስለቀየረ ስንት ተመላሽ አገኘ። ኒንከ አሥራ አራት ዓመቷ ነው። ከእነዚህ ውስጥ አሥሩን ይህንኑ ስትሰማ ኖራለች።

አባቷ ዊብረን ጥያቄውን ሲጠብቅ ነው የዋለው። ተስተካክሎ ተቀመጠና አራት መቶ ሃያ ዩሮ አለ፣ ሰው ሁሉ እንዲሰማው ቀስ ብሎ። ሪንደርት የእሱ ተመላሽ ሦስት መቶ ሃምሳ ቢሆንም የወር ክፍያው ያንሳል ብሎ ተከራከረ። አባቷም ያነሰ የመሰለው የዋጋ ማወዳደሪያ ድረ ገጹ ተመላሹን ገና ሳይሰጥህ ከዋጋው ላይ ስለቀነሰልህ ነው ብሎ አስረዳው። አልገባውም። እንደገና አስረዳው። ሦስተኛው ዙር ሲጀመር ኒንከ ባዶ ሳህኖቹን ለቃቅማ ወደ ወጥ ቤት ሸሸች።

እነሱ ቤት ማሞቂያው ከአሥራ ስምንት ዲግሪ አያልፍም። ገላ መታጠብ በአምስት ደቂቃ ነው፤ ከዚያ በሩ ይንኳኳል። በየዓመቱ ደግሞ ድርጅት ይቀየራል፤ ምክንያቱም ድርጅቶቹ የሚያባብሉት አዲስ ደንበኛን ነው። «እኛ ጋ ና እንጂ ይህን ያህል እንመልስልሃለን» ይሉታል። የቆየውን ግን ዞር ብለው አያዩትም። ትምህርት ቤት፣ ክፍሏ ውስጥ እንዲህ የሚያደርጉ ሁለት ወንዶች ታውቃለች።

ይሄ ሁሉ ድሮም ነበር። አባቷ ይሠራበት የነበረው የበር ፋብሪካ ባለፈው ሚያዝያ ከተዘጋ ወዲህ ግን ባሰበት። የራሱን ቤት ጨርሶ የሰፈሩን ማወዳደር ጀመረ። ሰዎች ወረቀታቸውን ይዘው ይመጣሉ፤ እሱ ያያል፣ ያሰላል፣ ይመርጥላቸዋል። ገንዘብ አይቀበልም፤ ቢበዛ አንድ የደረቀ ቋሊማ። ወረቀት ይዞ የሚመጣ ሰው ሊኖር ይችላል ብሎ ጠዋት ጠዋት ጢሙን ይላጫል። ይህን ያየችው ኒንከ ብቻ ናት፤ ለማንም አልተናገረችም።

ወደ ሳሎን ስትመለስ እትዬ ሂስከ ከእናቷ ጋር እያወሩ ነበር። እትዬ ሂስከ አጠገባቸው ያለው ቤት ውስጥ ብቻቸውን የሚኖሩ የሰባ ሦስት ዓመት ሴት ናቸው። ባላቸው ዳውዌ ከታመሙ ጀምሮ ኡሬተርፕ በሚገኝ የአረጋውያን መኖሪያ ነው ያሉት። እትዬ ሂስከ በኤሌክትሪክ ብስክሌታቸው በየቀኑ ይሄዱ ነበር፤ ባትሪው ከሞተ ግን ወር ሆነው። አሁን አውቶቡስ እየጠበቁ በሳምንት ሁለቴ ነው የሚሄዱት። ዳውዌ ሌሎቹን ቀናት በመስኮት ሲያዩ ይውላሉ አሉ፣ ነርሷ እንደነገረቻቸው።

«ግድ የለም፣ ያሁኑ ድርጅት ሦስት መቶ ሰማንያ ዩሮ ይመልስልኛል፤ በእሷ ባትሪ እገዛለሁ» አሉ። «ዓመቱ ሊሞላ ነው። አምና የቀየርነው ከሲንተርክላስ የስጦታ በዓል ቀጥሎ ነበር። ዳውዌ ቆጣሪውን ሲያነብ በስሜ የመጀመሪያ ፊደል ቅርጽ የተሠራችው የበዓሉ ቸኮሌት ገና ጠረጴዛው ላይ ነበረች። ታኅሣሥ ዘጠኝ ነው፣ አልረሳውም።»

ኒንከ የቡና ማንቆርቆሪያውን እንደያዘች ቆመች።

ታኅሣሥ ዘጠኝ?

የእትዬ ሂስከን አዲስ ውል ኮምፒውተር ላይ የሞላችው እሷ ናት። አባቷ መነጽሩን አጥቶት አጠገቧ ተቀምጦ ያዝዛት ነበር። «ዓመቷ ሞልቷል ወይ?» ብላ ጠይቃዋለች። እሱም የአምናውን ደብዳቤ እያወዛወዘ ኅዳር አሥራ አራት ይላል፣ ሊሞላ ነው፣ «በተቻለ ፍጥነት ይጀመር» የሚለውን ተጫኚ አላት። የበረዶ ሸርተቴ ልምምድ ሊያመልጣት አምስት ደቂቃ ቀርቷት ነበር። ተጫነችው። አዲሱ ውል ታኅሣሥ አንድ ይጀምራል የሚል መልስ መጣ።

ኅዳር አሥራ አራት ደብዳቤው የተጻፈበት ቀን ነው። የአምናው ውል የጀመረው ግን ታኅሣሥ ዘጠኝ። ተመላሹ ደግሞ ሙሉ ዓመት ላልቆየ ሰው አይከፈልም፤ አንድ ቀን ብትጎድል እንኳ የለም። እዚህ የጎደለችው አንድ አይደለችም፤ ስምንት ናት። አባቷ ይህን ሕግ ከማንም በላይ ያውቀዋል። በራሱ ቤት ገንዘቡ ባንክ ካልገባ ንቅንቅ አይልም። በሰው ቤት ግን ደብዳቤ ላይ ያለውን ቀን አመነ።

አንድ ውል የፈረመ ሰው በአሥራ አራት ቀን ውስጥ ያለ ቅጣት መሰረዝ ይችላል። በጣቷ ቆጠረች። ቅጹን የሞሉት የዛሬ ሁለት ሳምንት፣ ቅዳሜ ነው። አሥራ አራተኛው ቀን ዛሬ ነው። የአዲሱ ድርጅት ሰዎች ቅዳሜ ስልክ የሚያነሱት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ነው። ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት አሥር ከሩብ ይላል።

አባቷን በዓይኗ ጠርታ ወጥ ቤት ወሰደችው።

«አባዬ፣ የእትዬ ሂስከ ቀን ተሳስቷል።»

«ምንም አልተሳሳተም።»

«ያ እኮ ደብዳቤው የተጻፈበት ቀን ነው። ውሉ የጀመረው...»

«ኒንከዬ፣ እኔ ስንት ቤት ቀይሬያለሁ?»

«አሥራ ሰባት።»

«እና?» አለ እየሳቀ። ማንቆርቆሪያውን ከእጇ ወስዶ ሄደ። ሳሎን ሲደርስ አራተኛውን ማብራሪያ ከቆመበት ቀጠለ።

ጆሮ ዳባ ልበስ ማለት ይሄ ነው። ኒንከ የወጥ ቤቱን ፎጣ አንስታ መልሳ ጣለችው። እዚያው ክቡ መሃል ቆማ ልትናገረው ትችላለች፤ እንዳልሰማ ሊሆን አይችልም። ግን ሪንደርት አለ። ሪንደርት ይህን ካገኘ እሷ እስክታገባ ድረስ ሙድ ሲይዝበት ይኖራል። በየልደቱ፣ በየገናው «ሚኒስትሩ ስምንት ቀን ሰረቀ» ሲል ታያት። አባቷም ነገ ጠዋት ጢሙን አይላጭም።

እትዬ ሂስከ አጠገብ ሄዳ ጎንበስ አለችና ብስክሌታቸውን አንዴ ልየው አለቻቸው። ሪንደርት ሰምቶ፣ አባት ሚኒስትር ልጅ መካኒክ፣ ብሎ ለብቻው ሳቀ። ፋራ።

የእትዬ ሂስከ ወጥ ቤት ከነሱም ይቀዘቅዛል። ሴትየዋ ካፖርታቸውን ሳያወልቁ ተቀመጡ። ኒንከ ነገሩን ነገረቻቸው። ቀስ ብላ እንድትደግመው ጠየቋት፤ ደገመችው። ጣታቸውን እያጠፉ ከአንድ እስከ ስምንት ቆጠሩ። አልተቆጡም። የት ነው የምደውለው ብቻ አሉ።

ውሉ በስማቸው ስለሆነ ራሳቸው መናገር አለባቸው። ኒንከ ቁጥሩን መታችላቸውና ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ድምፁን ለቀቀችው። ከእርስዎ በፊት ሃያ ሦስት ደዋዮች አሉ፣ አለ የተቀዳ ድምፅ፣ በመደወልዎ ምን ያህል እንደተደሰተ እየነገራቸው። ፒያኖ ተለቀቀ። ከዚያ ሃያ ሁለት። ፒያኖ። አሥራ ዘጠኝ ላይ እትዬ ሂስከ ብስኩት አወጡ፤ አንድ አንድ ደረሳቸውና ቆርቆሮው ተከደነ። ቁጥሩ ዘጠኝ ሲደርስ ኒንከ ያንን ፒያኖ የሚመታውን ሰውዬ አግኝታ ጣቱን ክዳን ውስጥ ልትዘጋበት ፈለገች። አሥራ አንድ ሰዓት ሊሆን ስምንት ደቂቃ ሲቀረው አንድ ወጣት አነሳ።

ልጁ ትሑት ነው። መሰረዝ መብታቸው እንደሆነ ተናገረና፣ ነገር ግን ካልሰረዙ ዛሬውኑ ተጨማሪ ሃምሳ ዩሮ እንደሚመልስላቸው ነገራቸው።

ኒንከ የእትዬ ሂስከን ፊት አየችና ማመን አቃታት። እያሰቡበት ነው።

«ሃምሳ ዩሮ እኮ ነው» አሉ በሹክሹክታ፣ የስልኩን አፍ በእጃቸው ሸፍነው።

በዚህ አገር ተመላሽ የሚል ቃል ሲሰማ ልቡ የማይደነግጥ ሰው አለ? ኒንከ ፖስታ ጀርባ ላይ በትልቁ «380» ጻፈች፤ ከጎኑ «50» ብላ በላዩ ላይ ሁለት ጊዜ ሰረዘችበት፤ ፖስታውንም አፍንጫቸው ሥር አቀረበችው። እትዬ ሂስከ አነበቡ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ ሰርዝልኝ አሉት። ከሦስት ደቂቃ በኋላ የስረዛው ማረጋገጫ ስልካቸው ላይ ገባ። ታኅሣሥ ዘጠኝ ካለፈ በኋላ እንደ አዲስ ሊቀይሩ ይችላሉ።

ከዚያ እትዬ ሂስከ የኒንከን እጅ ያዝ አደረጉ።

«ለአባትሽ አንንገረው» አሉ። «ያን ቀን እንዴት ደስ ብሎት እንደነበር አይቻለሁ። እኔ ራሴ ሐሳቤን ቀየርኩ እለዋለሁ። በእኛው ይቅር።»

ኒንከ ትከሻዋ ቀለላት። እሺ አለች። ያልጠበቀችው ስጦታ ነበር፤ ስለ ተጫነችው ቁልፍም፣ ስለ ልምምዷም ምንም ማለት አይኖርባትም። እነ ኒንከ በር ጋ ሲደርሱ እትዬ ሂስከ ስለ አባቷ ደግነት ማውራታቸውን አላቋረጡም። ለእሳቸው ብቻ ነው እንዴ፣ ከዚያ ቀጥሎ ባለው ሰኞ የዘጠኝ ቁጥር ቤት ባልና ሚስት ደብዳቤያቸውን ይዘው ሄደው በአንድ ማታ ጨርሶላቸዋል። ሐሙስ ደግሞ አሥራ ሦስት ቁጥር ያለችው ሕፃን የታቀፈችው ልጅ።

«እርስዎ ይቅደሙ» አለች ኒንከ። «መጣሁ።»

እሳቸው ገቡ፤ እሷ ውጭ ቀረች። ያው ደብዳቤ። ያው ቀን አነባበብ። የዘጠኝ ቁጥሮች አሥራ አራተኛ ቀን ከነገ ወዲያ ነው፤ የአሥራ ሦስት ቁጥሯ ሐሙስ። በሁለቱም በር በዘዴ መሄድ ትችላለች። ብስክሌት ልይ ትላለች፣ ፒያኖውን ታዳምጣለች፣ ፖስታ ላይ ቁጥር ትጽፋለች። ረቡዕስ አዲስ ሰው ደብዳቤ ይዞ ሲመጣ? በሚቀጥለው ኅዳርስ? ከአባቷ ኋላ ኋላ እየዞረች ስትሰርዝ ልትኖር ነው? ሁልጊዜ ለምን እሷ? ከዚህ ቤት ውስጥ ሰው የሚያዳምጥ አንድ ሰው ጠፋ?

በመስኮቱ በኩል ሳሎኑ ወለል ብሎ ይታያል፤ መጋረጃ የሚዘጋ የለም። አባቷ መዳፉ መሃል ላይ በጣቱ እየጻፈ ለሪንደርት ያስረዳል። ሪንደርት ራሱን ይነቀንቃል፤ የገባው ይመስላል። እናቷ ትስቃለች። አባቷ እንዲህ ቀጥ ብሎ ከተቀመጠ ስንት ወር ሆነው?

ኒንከ ቀዝቃዛ እጆቿን ኪሷ ውስጥ እንደከተተች ትንሽ ቆየች። ከዚያ በጓሮ በኩል ገባችና ከወጥ ቤቱ ጠራችው። አሁን በዓይኗ አልጠራችውም፤ በስሙ ነው። እንደዚያ ጠርታው ስለማታውቅ ቶሎ መጣ።

«ቡና አለቀ?» አለ።

«በሩን ዝጋው።»

«እንግዳ አለ እኮ።»

«አውቃለሁ። ዝጋውና ተቀመጥ። አሥራ ሰባት ቤት ቀይሬያለሁ እንዳትለኝ።»

አባቷ ሊስቅ ነበር፤ ፊቷን አይቶ ተወው። በሩን ዘጋ። የሪንደርት ሳቅ ከበሩ ማዶ ቀረ። ወንበር ስላልነበረ፣ ሁሉም ሳሎን ስለሄደ፣ ሁለቱም ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ኒንከ ከእትዬ ሂስከ ጀመረች፤ ዘጠኝና አሥራ ሦስት ቁጥር ተራቸውን ይጠብቃሉ። ደብዳቤውን፣ ሁለቱን ቀናት፣ ስምንቱን ቀን፣ ሁሉንም ነገረችው፤ ለልምምድ ስትሮጥ እሷ ራሷ የተጫነችውን ቁልፍም አልዘለለችም።