ባሚን ቆጥ ላይ ያወጣት ማን ነው?

የእማማ ሱንሬ አስከሬን የተገኘው ከጓሮዋ የድንጋይ ደረጃ ሥር ነው። በጎኗ ተኝታለች፤ አንዱ የጎማ ጫማዋ ከእግሯ ወልቋል፤ ማጅራቷ ከደረጃው ጠርዝ ጋር ተጋጭቶ ደሙ ደርቋል። ጠዋት ያገኛት ጎረቤቷ ዶክሱ ነበር። ከመንደሩ ሰው ሁሉ ከእሷ ጋር የተኳረፈውም እሱ ብቻ ነው።

ኢንስፔክተር ኦክጂን ስትደርስ የሟቿ ልጅ ኢንቴ ሽማግሌውን ከአጥሩ ጋር አጣብቆ ይዞታል።

«ልቀቀው» አለችው።

«እሱ ነው የገደላት! ‹አውራ ዶሮሽን ካላረድሽው አንቺን ነው የማርድሽ› ብሏታል። ሰፈሩ በሙሉ ሰምቷል!»

«ብያለሁ፤ አፌ ነው» አለ ዶክሱ። «ስድስት ዓመት ሙሉ ጎህ ሳይቀድ ሲጮህብኝ ምን ልበል? ግን ትናንት ሲመሻሽ በሕይወት ነበረች። እንደ ወትሮዋ ‹ጉጉጉ፣ ግቡ ልጆቼ› እያለች፣ በየስማቸው እየጠራች ስታስገባቸው በጆሮዬ ሰምቻታለሁ።»

ሽማግሌው በዚህ ቃሉ ራሱን አሰረ። ኢንቴ ትናንት እስከ ምሽት ከአርባ ሠራተኞች ጋር ፋብሪካ ውስጥ ነበር። የሟቿ ታናሽ እህት ማልጃም ቀን መጥታ እንደነበረና በዘጠኝ ሰዓቱ አውቶቡስ እንደተመለሰች በስልክ ተናግራለች። ሱንሬ እስኪመሽ ድረስ ከኖረች፣ ከአጠገቧ የነበረው ዶክሱ ብቻ ነው።

ኦክጂን አልቸኮለችም። ወደ ዶሮ ቤቱ ሄደች። መቀርቀሪያው ተዘግቷል፤ ውሃው ተሞልቷል። አምስቱም ዶሮዎች ከነአውራው ውስጥ ናቸው። አንዲት ቡናማ ዶሮ ግን ከላይኛው ቆጥ ላይ ሆና፣ አንድ እግሯን አጥፋ፣ መውረድ አቅቷት ትጮኻለች።

«አባባ ዶክሱ፣ ይህቺ ምን ሆና ነው?»

«ባሚ ናት። በግንቦት ሽለምጥማጥ እግሯን ቀረጠፋት። ከዚያ ወዲህ ቆጥ ላይ አትወጣም። ሱንሬ ማታ ማታ እግሯን በሞቀ ውሃ አጥባ፣ መሬት ላይ ባለው የሣር ሳጥን ነው የምታስተኛት።»

«ተኳርፋችሁ አልነበረም? ይህን በምን አወቁ?»

ሽማግሌው አፈረ። «አጥሩ አጭር ነው፤ አያታለሁ። እዚያ የእንጨት መደብ ላይ ትቀመጣለች። ዶሮዎቹ ጭኗ ላይ ይወጣሉ። ከሽርጧ ኪስ ማሽላ እያወጣች ለእያንዳንዳቸው በእጇ ታበላለች። ከዚያ አንድ በአንድ አቅፋ ታስገባቸዋለች። የቀኑን ወሬ ሁሉ ለእነሱ ነው የምታወራው። እኔ ልንካቸው ብል ተራራው ድረስ ነው የሚያስሮጡኝ።»

ኦክጂን ወደ አስከሬኑ ተመልሳ እጇን ሽርጡ ኪስ ውስጥ ከተተች። ኪሱ እስከ አፉ በማሽላ ሙሉ ነበር።

ከቀትር በኋላ ማልጃ ለለቅሶ መጣች።

«እማማ ማልጃ፣ ከእህትዎ ጋር ስንት ዓመት ኖሩ?»

«ዘጠኝ። ባሎቻችን ከሞቱ ወዲህ። በመጋቢት ልጄ ወደ ከተማ ወሰደችኝ፤ አሥራ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው የምንኖረው።»

«ከዚያ በኋላ ስንቴ መጡ?»

«የትናንቱ የመጀመሪያዬ ነበር» አለች፤ ድምፅዋ ወፍራምና ሻካራ ነው።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ኦክጂን ሦስቱንም መደቡ ላይ አስቀመጠቻቸው። ዶሮዎቹ ከጓሮው ጥግ እየተንጠባጠቡ መሰብሰብ ጀመሩ።

«እማማ ሱንሬ ዶሮዎቿን ሳታበላ አታስገባም» ብላ ጀመረች። «ትናንት ግን ማሽላው ከኪሷ አልወጣም። ስለዚህ የወደቀችው ዶሮዎቹ ከመግባታቸው በፊት ነው። ያስገባቸው ሌላ ሰው ነው።»

«ድምፅዋን ሰምቻለሁ እኮ!» አለ ዶክሱ።

«የሰሙት ድምፅ ነው፤ ሴትዮዋን አላዩም። ኢንቴ፣ እናትህና አክስትህ በስልክ ይለዩልሃል?»

ኢንቴ ቀስ ብሎ ወደ አክስቱ ዞረ። «ሁልጊዜ… ሁልጊዜ ይምታቱብኛል።»

«ዶሮዎቹ ለባዳ አይያዙም፤ ያስገባቸው የሚያምኑት ሰው ነው። ያ ሰው ባሚን በድሮ ቦታዋ፣ ቆጥ ላይ አወጣት። ከግንቦት ወዲህ እንደማትችል አላወቀም። አባባ ዶክሱ ያውቃሉ። ኢንቴ ሥራ ላይ ነበር። የማያውቀው በመጋቢት ከዚህ ቤት የወጣ ሰው ብቻ ነው።»

ይህን ስትል ባሚ እያነከሰች መጥታ ማልጃ ጭን ላይ ለመውጣት ታገለች። ማልጃ ሳታስብ አነሣቻት፤ የተቀረጠፈውን እግሯን አየች፤ ፊቷም ፈረሰ።

«አልነገረችኝም» አለች። «እግሯን አላየሁም… አልመሸም ነበር፤ ግን ዓይኔ በእንባ ተሞልቶ ነበር።»

«አክስቴ…»

«ልመለስ ነው የመጣሁት፣ ኢንቴ። ‹እቴቴ፣ ፎቁ አፈነኝ፤ ክፍሌን መልሺልኝ› አልኳት። ‹ጥለሽኝ ሄደሽ የምን ክፍል? ዶሮዎቹ እንኳ ረስተውሻል› አለችኝ። ክንዷን ያዝኳት። ልትነጥቀኝ ስትል ለቀቅኳት፤ ከደረጃው ወደ ኋላዋ ወደቀች። ጠራኋት፤ አልመለሰችልኝም። ሞተች ብዬ ከአጠገቧ ቁጭ አልኩ። ሊመሽ ሲል ዶሮዎቹ መጥተው ከበቧት። ለሽለምጥማጥ እንዴት ልተዋቸው? አስገባኋቸውና ፈርቼ ሄድኩ።»

ዶክሱ ፊቱን በመዳፉ ሸፈነ። ማልጃ ባሚን እንደታቀፈች ቀና አለች።

«እህቴ ወዲያው ነው የሞተችው፣ አይደል?»

አስከሬኑን የመረመረው ሐኪም ወረቀት ኦክጂን ቦርሳ ውስጥ ነበር። ልትዋሽ አሰበች፤ ነገር ግን ያ ወረቀት አንድ ቀን ችሎት ፊት በባዳ አፍ መነበቡ አይቀርም።

«አይደለም» አለቻት ዝቅ ባለ ድምፅ። «እስኪመሽ ድረስ ትተነፍስ ነበር።»

ኢንቴ ተነሥቶ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ማልጃ የዶሮዋን ጀርባ ደጋግማ ዳበሰች።

«እንግዲያው ስጠራቸው ሰምታኛለች» አለች በመጨረሻ። «የአንዳቸውንም ስም አልረሳሁም ነበር።»