ቤቶች ብዬ የጠራሁ ቀን

እኔ በመንፈስ ማመን ይቅርና መንፈስ አየሁ የሚል ሰው ሲያወራ ሳቄን መያዝ የማልችል ሴት ነኝ፣ ይኼን በመጀመሪያ ያዙልኝ። የቤት መንፈስ ፊልም ግን ነፍሴ ነው። ባሌን ሀብታሙን ያገኘሁትም በዚሁ ነው፣ ፍኖተ ሰላም መናኸሪያ አጠገብ ስልክ ይጠግናል፣ ፊልም ላስጭን ሄጄ "ምን ዓይነት?" ቢለኝ "ቤቱ ራሱ ሰው የሚበላበት" አልሁት፣ ዓይኑ በራ። ከዚያ ወዲህ ፍቅራችን አንድ ብርድ ልብስ ለብሶ የሰው ቤት ጣራ ሲንኳኳ ማየት ሆነ፣ ፈረንጇ ከምድር ቤት ድምፅ ሰምታ ባትሪ ይዛ ስትወርድ "አንቺ ሞኝ፣ ውጪ እንጂ!" እያልን እንጮሃለን፣ የኛ ሰው ቢሆን ኖሮ በማግስቱ ጠበል አስረጭቶ ፊልሙ በአምስት ደቂቃ ያልቅ ነበር እያልን እንስቃለን። ፍርሃት የሚጣፍጠው በሰው ቤት ሲሆን ነው፣ እመኑኝ፣ ሲያልቅ ቴሌቪዥኑን አጥፍታችሁ ትተኛላችሁ።

ሀብታሙ ግን በፊልም ብቻ አይረካም። ሰው አስደንግጦ በስልኩ ይቀርጽና ኢንተርኔት ላይ ይለጥፋል፣ የገዛ አክስቱን እንኳ ከበር ጀርባ ዘሎ ሙሉ ጀሪካን ውሃ አስጥሏታል። እኔም ስቄያለሁ፣ ምን ልዋሽ።

እናቴ ባለፈው በጋ አረፈች፣ ከቡሬ ወደ ውስጥ ገባ ብላ ባለች መንደር። በሕይወት አልደረስሁባትም። ከቀብሯ ስመለስ ደግሞ ቡሬ መናኸሪያ ላይ ስልኬን ሌባ ወሰደው፣ በጎረቤት ስልክ እያስቀዳች የላከችልኝ የድምፅ መልእክት ሁሉ አብሮ ሄደ። ለእናቴ ያለቀስሁትን ያህል ለዚያ ስልክ አለቀስሁ። አንዴ፣ አንዴ ብቻ "ልጄ" ስትለኝ ብሰማ ሌላ ምንም አልፈልግም ነበር። ሀብታሙ ይኼን ያውቃል፣ ደረቱ ላይ አስተኝቶ ያባበለኝ እሱ ነው።

ተዝካሯ ካለፈ በኋላ ቤቷ ውስጥ አጎቴ ሊገባ ስለሆነ ዕቃዋን ልናወጣ ሄድን። ክረምት ነው፣ ከሰዓት በኋላ፣ ባጃጁ ጭቃውን ፈርቶ መንገድ ላይ አወረደን፣ ሀብታሙ "ቀድሜ ልክፈት" ብሎ ቁልፉን ይዞ በበቆሎው መሃል ሮጠ። ስደርስ በሩ ገርበብ ብሏል፣ እሱ የለም። እኛ ጋ ባዶ ቤትም ቢሆን ሳይጣሩ አይገባም፣ እናቴ "ሳይጣራ የሚገባ ሌባና ጅብ ነው" ትል ነበር፣ ልማድ ሆኖብኝ ከአፌ ወጣ።

"ቤቶች!"

"ማነው? ልጄ ነሽ? ግቢ እንጂ!"

ወይ እናቴ! ራሷ ናት፣ ያ ሻከር ያለ ድምፅዋ። እመኑኝ አልፈራሁም፣ "መጣሁ እማዬ! ይቅር በዪኝ እማዬ!" እያልሁ በእንብርክኬ ወደ ውስጥ ስገባ ከበሩ ጀርባ ሳቅ ፈነዳ። ሀብታሙ ስልኩን ደግኖ እየቀረጸኝ ነው።

"ኸረ ተነሺ፣ ቀልድ ነው!" ይላል፣ እንባው እስኪፈስ እየሳቀ። "እንዲህ ያለ ቪዲዮ በሕይወቴ ቀርጬ አላውቅም!"

ለካ አንድ ጊዜ ከደጅ ስጠራት የመለሰችልኝን ቀርጾ ስልኩ ላይ አስቀርቶታል። እኔ እንደዚያ ስንሰቀሰቅ እያየ ለዚህ ቀን አስቀምጦታል።

"ላክልኝ" አልሁት።

"መጀመሪያ ቪዲዮው ይለጠፍ" አለኝ። ከቆጡ ላይ ድምፅዋን ያወጣባትን ትንሽ ስፒከር አውርዶ አጠፋትና ኪሱ ከተታት።

ዝናቡ ቆርቆሮውን መደብደብ ጀመረ። ከጓዳ አንድ ነገር ተንቀሳቀሰ፣ ጣሳ ተነሥቶ ሲቀመጥ ዓይነት። አይጥ ነው አልን። ከዚያ ያው ድምፅ፣ ቀስ ብሎ።

"እንግዳው ይደር። መሽቶበታል።"

እኛ አገር ለእንግዳ የሚባለው ይኼው ነው፣ ግን ገና አልመሸም ነበር። ሀብታሙ አየኝ። "አንቺ ነሽ?" አለ። ከዚያ ያ ሁሉ ፊልም ያየ ሰው፣ ስንቱን "አትግባ፣ ሞኝ!" እያለ የሰደበ ሰው፣ የስልኩን ባትሪ አብርቶ ወደ ጓዳ ገባ። አልከለከልሁትም፣ ተናድጄበት ነበር።

ቆየ። ሲወጣ ፊቱ አመድ መስሏል። "ባዶ ነው" አለ። ዕቃውን ትተን ወጣን። መንገድ ላይ ቪዲዮውን አጠፋው፣ ድምፅዋንም ሊያጠፋ ሲል ጭቃ ላይ እግሩ ሥር ወድቄ ለመንሁት። "ሁለተኛ ያቺን ድምፅ መስማት አልፈልግም" አለና አጠፋው።

ከሳምንት በኋላ ከገበያ ስመለስ እጄ ሙሉ ስለነበር ሀብታሙ እንዲከፍትልኝ ከቤታችን ደጅ ጠራሁ። "ቤቶች!"

"ማነው? ልጄ ነሽ? ግቢ እንጂ!"

በሩን በክርኔ ገፍቼ ገባሁ። ሀብታሙ ብቻውን አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጧል፣ ከንፈሩ ላይ ምራቅ አለ። "መቼ መጣሽ?" አለኝ፣ በራሱ ድምፅ። ምንም አያውቅም።

ጠበል ልትወስጂው ይገባ ነበር ትሉኝ ይሆናል። ይገባ ነበር። እኔ ግን ዘንቢሌን አስቀምጬ ተመልሼ ወጣሁ፣ በሩን ዘጋሁና እንደገና ጠራሁ። መለሰችልኝ።

በቀን አንዴ የነበረው ጠዋትም ማታም ሆነ። ሀብታሙ ከሳ፣ ጉሮሮዬን እያለ ሱቁን ዘጋ። ጎረቤት ነግሮት ነው መሰለኝ አንድ ቀን ነቃ፣ እግሬ ላይ ወደቀ። "በእናትሽ አትጥሪ! በጠራሻት ቁጥር ራሴን እዚያ እሷ ጓዳ ውስጥ አገኘዋለሁ፣ መመለሻው ይርቅብኛል" አለኝ።

"መጀመሪያ ቪዲዮው ይለጠፍ" አልሁት። ጨካኝ በሉኝ፣ አዎ ጨክኛለሁ።

ዛሬ ከሰዓት በኋላ ዝናብ ነበር። እሱን ብርድ ልብስ ተከናንቦ ወንበር ላይ ትቼው ወጣሁ፣ ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም። ዘግቼ ጠራሁ።

"ማነው? ልጄ ነሽ? ግቢ፣ ብቻዬን ነኝ።"

ብቻዬን ነኝ ብላ አታውቅም። ቤታችን አንድ ክፍል ናት፣ ያላትም አንድ በር ነው። "ሀብታሙ!" ብዬ ጮህሁ።

"እንግዳውማ እዚያው አደረ" አለችኝ። "ግቢ ልጄ፣ ዝናብ ይመታሻል።"

ይኼን የምጽፍላችሁ ከፊት ለፊት ጎረቤት በረንዳ ላይ ሆኜ ነው፣ ዓይኔን ከበራችን አላነሣሁም፣ የወጣም የገባም የለም። እፈራለሁ፣ አልዋሽም። ግን ዝም ስትል ደግሞ፣ እመኑኝ፣ መልሼ የምጠራት እኔው ነኝ።