ግማሽ የተቀመቀመ ቀሚስ

የስፌት መኪናው ድምፅ ሲሰማት ታዳጊዋ የጥርስ ብሩሿን አፏ ውስጥ እንደያዘች ደርቃ ቀረች። ያ ድምፅ ከዚህ ቤት ከጠፋ ዓመት አልፎታል።

በሩን ገፋ አድርጋ አየች። ታላቅ እህቷ መኪናው ላይ ተቀምጣለች! ድሮ ልብስ ሰፊ ሳለች ሰፈሩ «ሞተሯ» ይላት ነበር። ከዚያ እረፍት የማይሽረው ድካም ያዛትና ፀጉሯን ማበጠር እንኳ የሙሉ ቀን ሥራ ሆነባት። አሁን ግን እግሯ ፔዳሉን ይረግጣል፤ ጨርቁ ከጣቶቿ ሥር ይፈስሳል። ጨርቁ ደግሞ ታናሿ ዛሬ ከሰዓት በትምህርት ቤቱ መድረክ ላይ የምትለብሰው ቀሚስ ነው።

እናታቸው እጇ ላይ የሳሙና አረፋ እንዳለ ከኩሽና መጣች። «ዝም በይ፤ እንዳትረብሺያት» አለች በሹክሹክታ፣ መስኮቱ ላይ ወፍ ያረፈች ይመስል።

የቀሚሱ ጠርዝ ግማሽ ላይ ሲደርስ መኪናው ቆመ።

«በቃኝ» አለች ታላቋ።

«እንዴ እቴቴ! ደከመሽ?»

«አልደከመኝም። ለዚያ እኮ ነው የማቆመው።»

«ትንሽ ነው የቀረው! ደግሞ ድነሻል…»

«ቀስ በይ ሚጣ። ባለፈውም እንዲህ ተባብለን ነበር።»

ከዓመት በፊት በመጣላት በጎ ቀን ቤቱ ሁሉ አጨበጨበላት፤ እሷም እስከ ማታ ስትሰፋ ዋለች። በማግስቱ ማንኪያ ማንሳት አቃታት። ለሳምንታት መጋረጃው አልተከፈተም።

«ግን… ትድኛለሽ?»

«ሐኪሟ አልዋሸችኝም። ሙሉ በሙሉ እንደ ድሮው የሚሆኑት ጥቂት ናቸው አለች። የሚሻላቸው ከዚያ ይበዛሉ፤ ያውም አንዴ ወደፊት፣ አንዴ ወደኋላ እያሉ። እኔ ከየትኞቹ እንደሆንኩ እሷም አታውቅም።»

«አንቺስ?»

«እኔማ ለዛሬ ግማሽ ቀሚስ ነኝ» ብላ ሳቀች።

ታናሿ ስፌቱን አየችው፤ ቀጥ ያለ ነው። ይህች ሴት በሕይወቷ ሥራ በእንጥልጥል ትታ አታውቅም። ጉልበት እያላት፣ ልቧ እየፈለገ፣ እግሯን ከፔዳሉ አነሳች። መስፋቷ ካስደነቃት ይልቅ ይኼ አስደነቃት።

ታላቋ የታናሿን ፊት ስታይ ፈገግታዋ ጠፋ። «ካፈርሽበት ግን ልጨርሰው። ትንሽ ነው፣ እውነትሽን ነው።» እግሯ ወደ ፔዳሉ ተመለሰ።

ታዳጊዋ የክፍሏ ልጆች ፊት ለፊት ተደርድረው ታዩዋት። «እንዴ፣ እናንተ ቤት ልብስ ሰፊ አለች አይደል?» ይላሉ። ይበሉ!

«ተነሺልኝ እስቲ» አለች። ቀሚሱን ከመኪናው አላቅቃ መኪናውን በመሸፈኛው ሸፈነችው። ያልተሰፋውን ጠርዝ አጥፋ በመርፌ ቁልፍ ያዘችው። ስፌቱ ከቆመበት የተንጠለጠለውን ክር ልትቆርጥ መቀስ አነሳች። ከዚያ መቀሱን መልሳ አስቀመጠችና ክሩን ለሌላ ቀን ጠቅልላ ከመርፌ ቁልፉ ሥር ሸጎጠችው።