የኤሊ ሁለት ምስጢር

ኢንስፔክተር አብርሆት ቦንጋ ከተማ ወዳለው ሆስፒታል የተጠራችው ረቡዕ ከሰዓት፣ የአራት ዓመቷ ኤሊ በቀዶ ሕክምና ላይ ሳለች እንዳረፈች ነበር። የኤሊ አክስት፣ የሟች እናቷ እህት ተሾመች፣ አስከሬኑ ሳይወጣ «እንጀራ እናቷ መርዛ ገደለቻት» ብላ ከስሳለች። እንጀራ እናቷ ሔርሜላ ተይዛ ፖሊስ ጣቢያ ገብታለች። ሰፈሩማ ቀድሞ ፈርዷል፤ እንጀራ እናትን ለመወንጀል ምስክር መች ያስፈልጋል!

ዶክተር ከሊል ብልቃጥ አሳያት። የኤሊን አንጀት የወተፈው፣ እርስ በርሱ የተቋጠረ የሞተ ወስፋትና መሃሉ ላይ አውራ ጣት የሚያህል ቢጫ ነገር ነበር።

«መርዝ ነው?»

«አይመስለኝም። አንጀቷ ከተዘጋ ሁለት ቀን አልፎት ጠቁሯል። ምን በላሽ ብላት ‹ለሁለቱም አልናገርም ብያለሁ› አለችኝ።»

አብርሆት ሌላውን ሁሉ ትታ «ለሁለቱም» የምትለዋን ቃል ያዘች።

የአባትየው የመምህር ተስፋሁን ግቢ ስትደርስ ዝናቡ ከእሁድ ጀምሮ አላባራም። ገመዱ ላይ ግን ሁለት አንሶላ ይንጠባጠባል። ተስፋሁን ለስልጠና ወደ ደካ ሄዶ ሰንብቶ የተመለሰው ገና ጠዋት ነው፤ ልጁን ተሸክሞ ሆስፒታል የሮጠውም እሱ ነው። አንሶላዎቹ ሰኞ ገመድ ላይ ሲወጡ አንዲት ጎረቤት አይታለች። በዶፍ ዝናብ አንሶላ የሚያጥብ የሚደብቀው ያለው ብቻ ነው።

ከቤቱ ጀርባ፣ ዝናብ በማይደርስበት በእንሰቱ ቅጠል ሥር፣ ጉንዳን ተሰልፎ ወደ አጥሩ ቀዳዳ ይሄዳል። ከአጥሩ ማዶ ተከራይታ የምትኖረው ተሾመች ናት፤ ማንኪራ ከሚባል ገጠር የመጣች የንብ አናቢዎች ልጅ።

«እትዬ ተሾመች፣ ለኤሊ የሚበላ ሰጥተዋት ያውቃሉ?»

«ሔርሜላ ደጇን ከከለከለችኝ ሦስት ወር ሆነኝ። በየት በኩል ልስጣት?»

በማግስቱ አብርሆት ሁሉንም ፖሊስ ጣቢያ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ሻማ ለኮሰችና ከቢጫው ነገር ቆንጥራ በማንኪያ አሞቀችው። ቀለጠ፤ ክፍሉን የማር ሽታ ሞላው።

«ሰፈፍ ነው» አለች። «ልጅ ማሩን ከነሰፈፉ ይውጣል እንጂ መትፋት አያውቅም። እትዬ ተሾመች በየት በኩል ብለውኝ ነበር፤ ጉንዳኑ መንገዱን አሳየኝ፤ በአጥሩ ቀዳዳ ነው።»

ተሾመች ካደች፣ ከዚያ አለቀሰች። «ሔርሜላን እማዬ ማለት ጀምራ ነበር። ከእኔ እጅ ስትበላ ግን የእኔ ትሆናለች። ለማንም እንዳትነግሪ አልኳት።»

አብርሆት ወደ ሔርሜላ ዞረች። «ወስፋቱን የገደለው ክኒን ነው፤ አባቷ ደካ ስለነበር ቤት ያለሽው አንቺ ብቻ ነሽ። ሰኞ ያጠብሽው ትውከቷን ነው።»

«እሁድ ሰጠኋት። ሰኞ አረንጓዴ ከነወስፋቱ አስመለሳት። እንጀራ እናት ልጅቷን በትል አስበላቻት እንዳይሉኝ ደበቅሁ። ለአክስትሽ እንዳትነግሪ አልኳት።»

ዶክተር ከሊል ክኒኑ ለብቻው ጥፋት እንደሌለበት አስረዳ። ወስፋቱም ለብቻው፣ ሰፈፉም ለብቻው ይወጣ ነበር። የሞተው ወስፋት ሰፈፉ ላይ ሲጠመጠም ነው መንገዱ የተዘጋው። «ያም ሆኖ ሰኞ ብትመጣ ትድን ነበር» አለ።

«ሰኞ በቀዳዳው አይቻታለሁ፣ ሆዷን ይዛ» አለች ተሾመች። «ማሩ እንዳይወጣብኝ ዝም አልኩ። ሔርሜላም ትዋረድ ብዬ።»

ዝምታ ወርቅ ነው የሚሉት ሐኪም ፊት አይሠራም። ተስፋሁን ሁለቱንም ማየት አቅቶት ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

«መርዝ የሰጣት የለም» አለች አብርሆት መዝገቡን እያጠፈች። «የቀረውን ሕግ ያየዋል።»

ልትወጣ ስትል ተሾመች ቀሚሷን ያዘቻት። «ዶክተሩ ነግሮሻል። ቀዶ ሕክምና ከመግባቷ በፊት የማንን ስም ጠራች?»

ሔርሜላም ቀና አለች። አብርሆት መልሱን ታውቃለች። ሁለቱን ተራ በተራ አየቻቸው።

«ለሁለታችሁም አልናገርም» አለች።